አንድ አገልጋይ፣ ከነጋቢው

የመሪጌታ ልሳነወርቅን ሞት የሰማሁት አማኑኤል ከተማ ያለው ንዑስ ቢሯችን ውስጥ፣ ወረቀት የነከሰ ማተሚያ ከፍቼ ስታገል ነው። ስልኬ ጮኸ። በመሥሪያ ቤታችን የቴሌግራም ቡድን ላይ «መሪጌታ ልሳነወርቅ ዛሬ ጠዋት ደብረ ወርቅ አርፈዋል» የሚል መልእክት ወጥቷል። ከሥሩ አንድ አዲስ ተቀጣሪ «ደስ ይላል! እስከ መቼ ነው የሚያርፉት?» ብሎ ጽፏል።

ማልቀስ ሲገባኝ ሳቅሁ። ከዚያ የማተሚያውን ክዳን ይዤ አለቀስሁ። መሪጌታ ራሳቸው ቢያነቡት ኖሮ መነጽራቸውን አውልቀው በኩታቸው ጫፍ እየወለወሉ፣ «ምን አጠፋ? ቃሉ ሁለት በር አለው፤ እሱ በአንደኛው ገባ» ይሉ ነበር።

መሥሪያ ቤታችን ደብረ ማርቆስ ነው፤ ስሙን ልተወው። እሳቸው የንብረት ክፍል ኃላፊ፣ እኔ የኮምፒውተር ባለሙያ ነበርን። ክፍሎቻችንን የሚለየው አንድ ስስ የኮምፖንሳቶ ግድግዳ ስለነበረ ሲያስነጥሱ ይማርዎት የምላቸው እኔ ነበርሁ። ደብረ ወርቅ አካባቢ ተወልደው፣ ቅኔ ቤት ብዙ ዓመት ቆይተው፣ ኋላ አስኳላ ገብተው ነው ወደ መንግሥት ሥራ የመጡት። «መሪጌታ» ስንላቸው «መሪም አይደለሁ፣ ጌታም አይደለሁ፤ የመጋዘን ቁልፍ የያዝሁ ሰው ነኝ» ይላሉ። በስማቸው ብቻ የጠራቸውን ሰው ግን ዞር ብለው አያዩትም።

አዲስ ዕቃ ሲመጣ፣ ወንበርም ይሁን ኮምፒውተር፣ በጣታቸው አንጓ ሁለት ጊዜ ኳ ኳ ያደርጉትና ጆሯቸውን አስጠግተው ያዳምጡታል። ከዚያ ነው መዝገብ የሚከፍቱት። አንድ ቀን «ምን ይልዎታል?» ብዬ ጠየቅኋቸው።

«ምንም አይለኝም እሜቴ። ብቻ ሳላየው እንዳልጽፈው ያስቆመኛል።»

«እሜቴ» የሚሉኝ እኔን ነው። በልጃቸው ዕድሜ ብሆንም ኮምፒውተር የሚነካ ሰው ሁሉ በእሳቸው ዘንድ ማዕረግ ነበረው።

ታሪኩ የሚጀምረው አዲስ አበባ ያለው ዋናው መሥሪያ ቤት አዲስ የመረጃ ቋት ባመጣ ጊዜ ነው። የየቅርንጫፉ ንብረት ሁሉ በኤክሴል ተዘርዝሮ ይላካል፤ ሥርዓቱ እያንዳንዱን መስመር ያነብና እንደ ቃሉ ወደየመደቡ ይመራዋል። ኮምፒውተሩን ወደ ኮምፒውተር መደብ፣ ማተሚያውን ወደ ማተሚያ መደብ። ትእዛዙ «ያላችሁን ሁሉ በአንድ ፋይል ላኩ» ይላል። ሥራ አስኪያጃችን አቶ ፈንታሁን ደግሞ ሁሉ ከተባለ ሁሉን የሚልክ ሰው ነው። ከንብረቱ ዝርዝር ሥር የስፖርት ክበቡን ዕቃ፣ ከስፖርቱ ዕቃ ሥር የሠራተኛውን ስም ዝርዝር ከነሥራ መደቡ አስለጠፈኝ።

«አቶ ፈንታሁን፣ ሰው እኮ ንብረት አይደለም» አልሁት።

«ሁሉ ይላል ትእዛዙ። ሰው የሁሉ አካል አይደለም?»

ለመሪጌታ አሠራሩን ሳስረዳቸው ከማንኛችንም ቀድመው ገባቸው። «ይህማ የቤተ ክህነት ትምህርት ቤት ነው። ዜማ ቤት አለ፣ ቅኔ ቤት አለ፣ መጻሕፍት ቤት አለ። የመጣውን ተማሪ በር ላይ ጠይቀሽ ወደሚገባው ቤት ትሸኚዋለሽ። ድምፅ የሌለውን ዜማ ቤት ብታስገቢው መንደሩን ያስለቅቀዋል።» ትንሽ አሰቡና፣ «በር ላይ የሚጠይቀው ማነው?» አሉ።

«ማንም። ቃሉን አይቶ ራሱ ያስገባል።»

«ሳያንኳኳ?»

«ሳያንኳኳ።»

መነጽራቸውን አወለቁ።

ፋይሉ ተላከ። በሳምንቱ ውጤቱን ስከፍት የመሥሪያ ቤቱ መኪኖች በሙሉ በኮምፒውተር የቁልፍ ሰሌዳ መደብ ውስጥ ተኮልኩለዋል፤ «ሰሌዳ ቁጥር» የሚል ስለነበረባቸው። የስፖርት ክበቡ የመረብ ኳስ መረብ የኔትወርክ መሣሪያ ሆኗል፤ ከዋናው መሥሪያ ቤትም «የመረብ መሣሪያችሁ ለሦስት ቀን ምላሽ አልሰጠም፤ ምክንያቱ ይገለጽ» የሚል ደብዳቤ መጣብን። የአቶ ፈንታሁን መኪና ነዳጅ ስትጠይቅ ሥርዓቱ ለቁልፍ ሰሌዳ ነዳጅ አይፈቀድም ብሎ መለሰ። ሰውየው አንድ ሳምንት በባጃጅ ተመላለሰ።

ሥርዓቱ በቃሉ ሊለየው ያልቻለውን ነገር ሁሉ ደግሞ ኮምፒውተር ነው ብሎ ያስገባዋል። ወንበሮቹ፣ የውኃ በርሜሎቹ፣ የስብሰባ አዳራሹ መጋረጃ ሳይቀር ኮምፒውተር ሆኑ። በዚህ የተነሳ ቅርንጫፋችን ከሁሉ የላቀ የኮምፒውተር ባለቤት ተባለና ለአቶ ፈንታሁን በፍሬም የገባ የምስጋና ወረቀት መጣለት። መሪጌታ ስህተቱን ይዘው ሲገቡ ወረቀቱን ግድግዳ ላይ እያቃና አገኙት።

«በርሜል ነው እኮ ያስሸለመዎት» አሉት።

«ተውት መሪጌታ። ማንን ጎዳ?»

ማንን እንደሚጎዳ ከወር በኋላ ታወቀ።

ጋሽ አስማረ የግቢያችን ጥበቃ ነው። እኔ ሳልወለድ የተቀጠረ፣ ቀጭን፣ ዝምተኛ፣ ዓመቱን ሙሉ ከጋቢው የማይለይ ሰው። ጡረታ ሊወጣ አምስት ወር ቀርቶት ነበር። ያኔ ሲቀጠር የተሰጠው ደብዳቤ ላይ የሥራ መደቡ «የግቢ አገልጋይ» ይላል፤ በሠራተኛው ዝርዝርም ላይ እንደዚያው ነው የሰፈረው። አዲስ አበባ ያሉት ባለሙያዎች ደግሞ ሰርቨር የሚሉትን ትልቁን ኮምፒውተር በአማርኛ «አገልጋይ» ብለው ሰይመውታል። ሥርዓቱ ጋሽ አስማረን አነበበና ሰርቨር ነው ብሎ አስገባው። ሥራ የጀመረበትን ዓመትም አየ። ሰርቨር እንደዚያ አያረጅም። ወዲያው ደብዳቤ ራሱ ጽፎ ላከ፦

«ስሙ ከላይ የተጠቀሰው አገልጋይ የአገልግሎት ዘመኑ እጅግ ያለፈ በመሆኑ ከኃይል ምንጭ ተነቅሎ፣ በውስጡ ያለው መረጃ ተሰርዞ፣ በአሥር ቀን ውስጥ ወደ ማስወገጃ መጋዘን እንዲላክ።»

የመዝገብ ቤቷ ሠራተኛ ስሙን አይታ ደብዳቤውን ለራሱ ለጋሽ አስማረ ሰጠችው። በማግስቱ ጠዋት መሪጌታ ቢሮ ውስጥ ተቀምጬ ሳለሁ ገባ። የበሩን ቁልፎች፣ ፊሽካውንና ዱላውን ጠረጴዛው ላይ በተርታ ደረደረ። ጋቢውንም አጥፎ አጠገባቸው ሊያስቀምጥ አሰበና መልሶ ለበሰው።

«ጋቢው የራሴ ነው» አለ። «የኔታ፣ መጋዘኑ የት ነው? ይቀዘቅዛል?»

እኔ ሳቄ አመለጠኝ። መሪጌታ አልሳቁም። ደብዳቤውን ሁለት ጊዜ አነበቡት።

«አስማረ፣ ይህ ደብዳቤ ስላንተ አይደለም።»

«ስሜ አለበት እኮ የኔታ።» ድምፁ ቀጠነ። «መረጃው ይሰረዝ ይላል። ለሚስቴ ምን ብዬ ልንገራት? ትናንትና ሙሉ ሌላ ነገር ሳወራት ዋልሁ።»

ያኔ ሳቄ ጠፋ። ዋናው መሥሪያ ቤት ደወልሁ። ሥርዓቱን የሠራው ባለሙያ አቶ ብሩክ የሚባል፣ ቀስ ብሎ የሚናገር ትሑት ሰው ነው። ድምፅ ማጉያው ላይ አደረግሁት፤ መሪጌታም ጋሽ አስማረም ይሰማሉ።

«መሣሪያው ይሠራል?» አለ።

«መሣሪያ ሳይሆን ሰው ነው።»

«ገባኝ። የመደብ ስህተት ነው። ወደ የትኛው መደብ ልቀይርላችሁ? ኮምፒውተር፣ ማተሚያ፣ የቁልፍ ሰሌዳ፣ የመረብ መሣሪያ አለ።»

«ሰው የሚል የለም?»

የኪቦርድ ድምፅ ተሰማ። እየፈለገ ነበር። «የለም» አለ በመጨረሻ። «ይቅርታ፣ እኛ ጋ ሰው የለም።»

«ታዲያ ሰርዙት።»

«የማስወገጃ ትእዛዝ ከወጣ በኋላ መሰረዝ አይቻልም። የጡረታ ክፍሉም ስለሚያየው መዝገቡ ላይ 'ተወግዷል' የሚል ይቀራል። የሚድነው መሣሪያው በአካል መጥቶ፣ ተፈትሾ፣ ይሠራል ከተባለ ብቻ ነው።» ከዚያ ዝቅ ባለ ድምፅ «ሕጉን የጻፍሁት እኔ ነኝ፤ ግን እኔም ልጥሰው አልችልም» አለ።

መሪጌታ ወደ ስልኩ ጎንበስ አሉ። «በአካል ነው ያልኸው?»

«አዎ አባቴ፣ በአካል።»

«መልካም። እናመጣዋለን።»

ንብረት ከግቢ የሚወጣው በመውጫ ፈቃድ ነው። መሪጌታ ካርቦኑን አስተካክለው በዚያ በሚያምር የቁም ጽሕፈታቸው ሞሉት። የዕቃው ዓይነት፦ አንድ አገልጋይ፣ ከነጋቢው። ሁኔታ፦ ደኅና፤ የቀኝ ጉልበቱን ያመዋል። የመውጫው ምክንያት፦ ለፍተሻ፤ ተመላሽ። «ተመላሽ» የምትለዋን ከሥሯ ሁለት ጊዜ አሰመሩባት። ከመፈረማቸው በፊት ተነሥተው የጋሽ አስማረን ትከሻ በጣታቸው አንጓ ሁለት ጊዜ ኳ ኳ አደረጉት። ጋሽ አስማረ «አቤት» አለ። «አለ» ብለው ፈረሙ። አቶ ፈንታሁን ማኅተም ያለበት ወረቀት ሳያነብ ነው የሚፈርም፤ ፈረመ።

በሦስተኛው ቀን ሦስታችን አውቶቡስ ተሳፈርን። እኔ እንደ ቴክኒክ ባለሙያ፣ መሪጌታ እንደ አስረካቢ፣ ጋሽ አስማረ እንደ ዕቃ። በሕይወቱ ዓባይን ሲሻገር የመጀመሪያው ነበር። ቆላው ውስጥ ስንወርድ ጋቢውን አወለቀና ወዲያው ወረቀቱን አስታውሶ መልሶ ደረበው። «ከነጋቢው ነው የሚለው» አለኝ እያላበው።

የዋናው መሥሪያ ቤት በር ላይ ያለው ጥበቃ ወረቀታችንን አየና «ዕቃው የታለ?» አለ።

«ይኸው» አሉ መሪጌታ።

ጥበቃው ጋሽ አስማረን ከላይ እስከ ታች አየው። ከዚያ «ስንት ዓመት ጠበቅህ?» አለው። ጋሽ አስማረ ነገረው። ሰውየው ከወንበሩ ተነሥቶ በሩን እስከ መጨረሻው ወለል አድርጎ ከፈተልን፤ መኪና እንደሚገባበት።

አቶ ብሩክ ሲያየን ተደናገጠ። በአካል ሲል ሰው በእርግጥ ይመጣል ብሎ አላሰበም መሰለኝ። ግን ቅጹ ተሞልቶ ካላለቀ ሥርዓቱ አይቀበልም። ፊቱ እየቀላ ጠረጴዛው ላይ ዘረጋው፣ ለጋሽ አስማረም ወንበር ሰጠው።

«ሲነሳ ምን ያህል ጊዜ ይፈጅበታል?» ብሎ አነበበ።

«ጉልበቴ ካልያዘኝ ወዲያው ነው» አለ ጋሽ አስማረ።

«ያልተለመደ ድምፅ ያሰማል?»

«ያንኮራፋል» አሉ መሪጌታ። «በሥራ ሰዓት ግን አይደለም።»

«መብራት ሲቋረጥ ሥራ ያቆማል?»

ጋሽ አስማረ ቅር አለው። «ኧረ መብራት ሲጠፋማ ነው ዓይኔ የሚከፈተው!»

አቶ ብሩክ ብዕሩን አስቀመጠ። መልሶ አንሥቶ «ተፈትሿል፤ ይሠራል» ብሎ ጻፈና ማኅተም መታበት። ለእኔ ጉዳዩ እዚያ ላይ አልቋል፤ ቦርሳዬን አነሣሁ። መሪጌታ ግን ከወንበራቸው አልተነቃነቁም።

«ወንድሜ፣ የማታውቀውን ነገር ሁሉ ለምን ኮምፒውተር ትለዋለህ?»

«የሚበዛው ዕቃ ኮምፒውተር ስለሆነ ነው መሪጌታ። ሥርዓቱ ሲያጣው ወደሚበዛው ይወስደዋል።»

«ሰው የበዛበት ቤት ሁሉ ሠርግ ቤት ነው? ለቅሶ ቤትም ሰው ይበዛል። ጨፍረህ ብትገባስ?»

«ባዶ የቀረ መስመር ካለ ሪፖርቱ ጎደሎ ይሆናል።»

«ጎደሎ ይሁን! ጎደሎ ነገር ነገ ይሞላል። ሐሰት ግን ሞልቶ ነው የሚመጣው፤ እውነቱ ሲመጣ በየት ታስገባዋለህ?» ድምፃቸው ከፍ ብሎ በአጎራባች ጠረጴዛ ያሉት ሁሉ ቀና አሉ። መሪጌታ ሲቆጡ ያየሁት ያን ቀን ብቻ ነው። «የማታውቀውን በር ላይ አቁመው። አላወቅሁትም በል። አይቶ የሚለየው ሰው እስኪመጣ ይቁም።»

አቶ ብሩክ ወደ ኮምፒውተሩ ዞረና ሲጽፍ ቆየ። ሲጨርስ ማያውን ወደ እሳቸው አዞረው። ከመደቦቹ ሥር አንድ አዲስ መደብ ተጨምሯል፤ «ያልተለየ» ይላል።

ከዚያ በኋላ የሆነውን ባጭሩ ልንገራችሁ። ቋቱ ውስጥ የነበረው ሁሉ እንደገና በአዲሱ ሕግ ተመራ፤ የቅርንጫፋችን በርሜሎች፣ ወንበሮችና መጋረጃዎች ከኮምፒውተርነት ወርደው «ያልተለየ» ውስጥ ተሰለፉ። እኔና መሪጌታ ክረምቱን ሙሉ እየዞርን፣ እሳቸው እያንኳኩ እኔ እየጻፍሁ፣ አንድ በአንድ አቶ ብሩክ ወደከፈተላቸው አዳዲስ መደቦች መራናቸው። መኪናዋም መኪና ሆነች። የአቶ ፈንታሁን የምስጋና ወረቀት ከግድግዳ ወረደ፤ እሱም መሪጌታ ጡረታ እስኪወጡ ድረስ ሰላምታ ነፈጋቸው። ጋሽ አስማረ አምስት ወሩን ጨርሶ በደኅና ጡረታውን አስከበረ።

የእኔን ልብ ይዞ የቀረው ግን የመመለሻው መንገድ ነው። ደጀን ምሳ በልተን ተሳፍረናል። መሪጌታ አጠገቤ፣ ጋሽ አስማረ ከኋላችን ዓይኑን ጨፍኖ ነበር። «መሪጌታ፣ ምን አስቆጣዎት? ማኅተሙን እኮ አግኝተን ነበር» አልኋቸው።

እሳቸውም መስኮቱን እያዩ ጀመሩ።

«ቅኔ ቤት ሳለሁ አኩፋዳዬን ይዤ ስለምን እጇን የማታጥፍብኝ አንዲት እናት ነበረች። ልጇ ወታደር ነው። አንድ ቀን ደብዳቤ መጣላትና አንብብልኝ ብላ ሰጠችኝ። ደኅና ነኝ ይላል፤ ሰላምታ ያበዛል። መጨረሻው ላይ 'መምጫዬ ገና ነው' ይላል።» ወደ እኔ ዞሩ። «አየሽ? ሳይጠብቅ ከተነበበ ጊዜው አልደረሰም ማለት ነው። ጠብቆ ከተነበበ የገና ዕለት እመጣለሁ ማለት ነው። ሁለቱንም አይቻቸዋለሁ፤ የቅኔ ተማሪ ሁለት ሳያይ አያልፍም። የትኛው እንደሆነ ግን አላወቅሁም። ቀና ብዬ ፊቷን አየሁ። 'ለገና ይመጣል' አልኋት።»

አውቶቡሱ አንድ የጭነት መኪና ቀደመ።

«ጾሙን ሙሉ ስትደግስ ከረመች። ጌሾውን ስትወቅጥ እሰማታለሁ። የገና ዕለት ነጠላዋን ለብሳ ከጠዋት ጀምሮ መንገድ ላይ ቆመች። የመጣውን ሁሉ ከሩቅ ታየዋለች፤ ሲቀርብ ሌላ ሰው ነው። ልጁ የመጣው ከፋሲካ ወዲያ ነው። እሷ አንድም ቀን ክፉ አልተናገረችኝም። ግን ከዚያ በኋላ ደብዳቤ ሲመጣላት በእኔ በር ታልፍና ገበያ ድረስ ወርዳ ባለሱቁን ሐጂ ኢብራሂምን ታስነብባለች።»

የተኛ የመሰለን ጋሽ አስማረ ከኋላችን ድምፁን አሰማ።

«ጠላውንስ ማን ጠጣው?»

መሪጌታ ዞር አላሉም።

«እኔ» አሉ። «በማግስቱ አስጠራችኝ። አስቀመጠችኝና ቀዳችልኝ። አንድ ቃል አልተናገረችም፤ ጣሳው ሲጎድል ትሞላዋለች። በሦስተኛውም ቀን አስጠራችኝ፣ በአራተኛውም። ጋኑ እስኪያልቅ ድረስ።»

ጋሽ አስማረ ከኋላ እጁን ዘርግቶ ትከሻቸው ላይ አሳረፈው። ደብረ ማርቆስ መናኸሪያ እስክንገባ ድረስ አላነሣውም።